ያልተቀጠቀጠው ፕዌዛ

ሪዚኪ መንገድ ዳር ስትነግድ ኖራ መንገድ ዳር ያፈረች ሴት ናት። እንዲህ ብዬ ስጀምር ግን ጠላቷ እንዳልመስላችሁ። የእሷ የከሰል ምድጃና የእኔ የሸንኮራ መጭመቂያ በአንድ የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ጎን ለጎን ኖረዋል። መጭመቂያዬ ሲንቋቋ "አንተ ፋኪ፣ ይቺን አህያህን ዘይት አጠጣት እንጂ!" እያለች ትጮኽብኛለች። እኔም ጭሷ ዐይኔን ሲያቃጥለኝ "አንቺ ሴትዮ፣ የምትጠብሺው ዓሣውን ነው ወይስ እኔን?" እላታለሁ። ስንሰዳደብ ውለን ማታ ተመራርቀን እንለያያለን።

በዛንዚባር ምሥራቅ ዳርቻ፣ በእኛ በኪዞቤ መንደር፣ የሪዚኪን እጅ ያልቀመሰ የለም። ካሳቫ በቃሪያ፣ ጣት የምታክል ዓሣ በሎሚ፤ ከሁሉም በላይ ግን ፕዌዛ፣ ያ ባለ ስምንት እግሩ ኦክቶፐስ ማለቴ ነው። ጠዋት በሾርባ፣ ከሰዓት በጥብስ፣ ለክብር እንግዳ ደግሞ በኮኮናት ወተትና በእርድ። ሳይቀምሱ መግዛት በእሷ ዘንድ ነውር ነው። በስቴኪኒ ወግታ አፍህ ድረስ ታመጣልሃለች። "ቅመስ! ካልጣመህ እለፍ፤ ቀምሶ ያለፈ ሰው ግን ገና አልተወለደም!" እንግዳ ሲቀምስ ደግሞ ጥላው ሥር የተቀመጠ ሁሉ ይቀምሳል። ይህን ሕግ ያወጣችው እናቷ ናት ይላሉ፣ እሷ ግን አክብራ ይዛዋለች።

ባሕሩ ሲሸሽ ሴቶቻችን ዱላ ይዘው ወደ ዐለቱ ይወርዳሉ። ጉድጓድ ጉድጓዱን እየወጉ ፕዌዛውን ያወጣሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መቀጥቀጥ ነው። ፕዌዛ ካልተቀጠቀጠ ጎማ ነው፣ ጥርስ ያወልቃል። ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ክንድ እስኪዝል ይወገራል። ከሰዓት በኋላ በመንደራችን ስታልፉ ከየጓሮው ጧ! ጧ! ሲል ትሰማላችሁ፤ ያኔ የትኛው ቤት ምን እንደሚበላ ሳትጠይቁ ታውቃላችሁ።

የሪዚኪ እናት ስትሞት ድስቱ ለታናሺቱ፣ ለሪዚኪ ቀረ። ለታላቋ ለካዚጃ ይህ አልተዋጠላትም። በሐዘኑ ላይ ሪዚኪ ሾርባ ሠርታ ለለቀስተኛው ስታቀርብ፣ ካዚጃ አንድ ጊዜ ፉት አለችና ሳህኑን መሬት አስቀምጣ "እናታችን ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ ሞተች" አለች። ለቀስተኛው ሁሉ ሰማ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ካዚጃ ወደ ከተማ ሄዳ መጀመሪያ በባሕሩ ዳር ነገደች፣ ኋላም ፈረንጆችን እየመራች በየመንደሩ ምግብ የምታስቀምስ የተከበረች ሰው ሆነች። ሪዚኪ ግን ያቺን ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ይዛት ቀረች። ለዒድ ሰላምታ ይለዋወጣሉ እንጂ ካዚጃ ከዚያ ድስት ዳግመኛ አልቀመሰችም። ሪዚኪ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ካዚጃ አንድ ቀን በልታ ያንን ቃል እንድታነሳላት።

ባለፈው ዓመት ፕዌዛው እያነሰ መጣ። የልጅ መዳፍ የሚያክል ማውጣት ጀመርን። የመንደሩ አለቃ ሼህ ማካሜ ሰበሰቡንና ዐለቱ ለሦስት ወር ይዘጋ፣ እንቁላሉ ይፈልፈል፣ ትንሹም ይደግ አሉ። መንደሩ ለሁለት ተከፍሎ ሲጯጯህ ተነስታ ያሳመነችን ሪዚኪ ናት።

"ከሁላችሁ በላይ የምጎዳው እኔ ዝጉት እያልኩ እናንተ ምን ሆናችሁ?" አለች። "ያደረቀ ያደረቀውን ይብላ፣ የሌለው ካሳቫውን ይብላ! እርጥብ ፕዌዛ ያወጣ ሰው ግን ዐለቱ ሲከፈት ዳር ቆሞ ይመልከት፣ እግሩ እዚያ አይድረስ!"

"ሕግ ይሁን" አሉ ሼህ ማካሜ። ሕግ ሆነ።

ወር ሳይሞላ ሞሲ ተያዘች። ሞሲ ባሏ ለሥራ ብሎ ከደሴታችን ወደ ዋናው ምድር ተሻግሮ የቀረባት፣ የሦስት ልጆች እናት ናት። ድምጿ ከትንኝ አይበልጥም። ያስያዛትም ድምጿ ሳይሆን ዱላዋ ነው። ከጓሮዋ ጧ! ጧ! ሲል ሪዚኪ ምድጃዋን እንደነደደ ትታ ሮጠች። ስትመለስ በአንድ እጇ ፕዌዛውን አንጠልጥላ፣ በሌላው ሞሲን ክንዷን ይዛ ነበር።

"ልጆቹን ካሳቫ በባዶው አንገፈገፋቸው፣ እትዬ" አለች ሞሲ።

"የኛዎቹስ ሆድ የላቸውም? ቁሚ እዚህ!"

ፕዌዛውን ከማንጎው ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠለችው፤ ሞሲን ከሥሩ አቆመቻትና በዚያው ገበያ በምትጠራበት ድምፅ "ቅመሱ! የሌባ ፕዌዛ ቅመሱ! ሳትቀምሱ እንዳታልፉ!" ብላ ጮኸች። ሰው ሳቀ። እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርኩ። ሞሲ የራስ ልብሷን እስከ ዐይኗ ስባ፣ ሕዝቡ ሳቁ አልቆለት እስኪበተን ድረስ ቆመች። ሕጉም ተፈጸመባት፤ ዐለቱ ሲከፈት አትወርድም ተባለ። ከዚያ በኋላ ሪዚኪ ኮኮናት እንድትፈቀፍቅላት ቀጠረቻት። ደግ ሥራ ነበር፣ አልክድም። ግን ደንበኛ በመጣ ቁጥር "ሰርቆ ከመብላት ፈቅፍቆ መብላት ይሻላል፣ አይደል ሞሲ?" ትላት ነበር። ሞሲም "አዎ እትዬ" ትላለች።

ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ካዚጃ ስልክ ደወለች። ሐሙስ ሦስት ፈረንጆች ይዛ እንደምትመጣ፣ የእናታቸውን የኮኮናት ፕዌዛ እንድትሠራላት ነገረቻት። ሪዚኪ ስልኩን ዘግታ ነገሩን ነገረችኝ።

"ዐለቱ ተዘግቷል በያት እንጂ" አልኳት።

"እሷን? 'ድሮም አትችይም' እንድትለኝ?"

"ሕግ ነው በያት። የገዛ ሕግሽ ነው።"

"ካዚጃ ሕግ አትበላም፣ ፋኪ።"

"የደረቀ የለሽም?"

"ካለቀ ቆየ።" መሬቱን አየች። "ፔምባ ደሴት ያለ ዘመዳችን የደረቀ ይልክልኛል። አዎ፣ ይልክልኛል" አለች። ለእኔ ሳይሆን ለራሷ የምትነግር ነበር የምትመስለው፤ ያን ጊዜ ግን ልብ አላልኩም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በኋላ ራሷ ነው የነገረችን። ሐሙስ ጎሕ ሳይቀድ፣ ባሕሩ እንደሸሸ፣ ብቻዋን ወደ ዐለቱ ወረደች። እናቷ ያሳየቻትን ጉድጓድ ታውቀዋለች። ገና አንዴ ወግታ ያወጣችው ፕዌዛ እግሩ የሰው ክንድ ያክል ነበር። ሁለት ወር የተዘጋው ዐለት እንዲህ አድርጎ አሳድጎታል፤ ሪዚኪ በስብሰባው ላይ ያለችው ሁሉ እውነት ነበር ማለት ነው። ሌላ ቀን ቢሆን እልል ትል ነበር። ያን ቀን ግን ካሳቫ መያዣ ጆንያ ውስጥ ከትታ፣ እንደ ሌባ ግድግዳ ግድግዳውን ታክካ ቤቷ ገባች።

ከገባች በኋላ ዱላዋን አነሳች፣ መልሳም አስቀመጠችው። ዱላው አንዴ ድንጋይ ካገኘ መንደሩ ይሰማል። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሞሲን የያዘችው በዚሁ ነው። ስለዚህ ፕዌዛውን በተከተፈ ጥሬ ፓፓያ ለወሰችው፣ ድስት ከድና እሳት ለቀቀችበት። ፓፓያ ሥጋ ያለሰልሳል ይባላል። የበሬ ሥጋን ያለሰልስ ይሆናል፤ የእኛ ፕዌዛ የሚያውቀው ዱላ ብቻ ነው።

ጠዋት ሞሲ መጥታ "የደረቀውን እኔ ልዘፍዝፍልሽ፣ እትዬ?" አለቻት።

"ዘፍዝፌ ጨርሻለሁ። አንቺ ኮኮናትሽን ፈቅፍቂ" አለቻት ቆጣ ብላ።

ከቀትር በፊት ካዚጃ መጣች። ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት፣ አንድ ጢማም ጎረምሳ ፈረንጅ ይዛ ከመኪና ወረደች። ወርቅ አድርጋለች፣ ሽቶዋ ከእኛ ጭስ ቀድሞ ደረሰ።

"ፋኪ! እስካሁን አለህ?" አለችኝ።

"አለሁ። ያረጀችው መጭመቂያዬ ናት" አልኳት።

ፈረንጆቹ ሸንኮራዬን በሎሚና በዝንጅብል ጠጡ። አሮጊቷ ደገመች፣ በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። ካሳቫውን ቀመሱ፤ ጢማሙ ቃሪያው ሲያቃጥለው ሳቀ፣ እኛም አብረን ሳቅን። ትንንሾቹን ዓሣዎች ከነአጥንታቸው ቆረጣጠሙ። ካዚጃ ሁሉንም ትቀምሳለች። ሪዚኪ የእህቷን አፍ ብቻ ነው የምታየው። ከዚያ የትልቁን ድስት ክዳን አነሳች።

መረቁ፣ አልዋሽም፣ ጀነት ይሸታል። ሪዚኪ ለፈረንጆቹ ቀዳች፣ ለካዚጃ ቀዳች፣ ክዳኑንም ልትመልስ አለች። ሼህ ማካሜ ግን ከአግዳሚው ላይ ሆነው እጃቸውን ዘርግተው ነበር።

"እኛስ፣ ልጄ? ዛሬ ሕጉ ተሻረ እንዴ?"

"ኧረ አልተሻረም፣ ሼህ" አለች፤ ድምጿ ቀጠነ። በስቴኪኒ እየወጋች ጥላው ሥር ላለነው ሁሉ አዞረች። ለሼሁ፣ ለእኔ፣ ለዓሣ አጥማጆቹ፣ መጨረሻ ላይም ለሞሲ።

ማኘክ ጀመርን። አኘክን። አሁንም አኘክን። ላዩ በፓፓያው ልፍስፍስ ብሎ ውስጡ ግን እንደ ጫማ ሶል ነው። አሮጊቷ ፈረንጅ በጨዋ ፈገግታ ጉንጯን ከዚህ ወደዚያ ታመላልሳለች። ጢማሙ ለካዚጃ የሆነ ነገር ሹክ አላት። ሼህ ማካሜ ያሏቸውን ጥርሶች ሁሉ ሞክረው ሲያቅታቸው ቁራሹን በጉንጫቸው ያዙና ቀና ብለው ሪዚኪን አዩ። ያኔ ሁላችንም አየናት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኛ መጠጥ ስለማንቀምስ ሆድ ያባውን የሚያወጣልን ጥርሳችን ነው። የደረቀ ፕዌዛ ተዘፍዝፎ ሲበላ እንዲህ አይደለም፤ የደረቀው ሳይደርቅ በፊት ተቀጥቅጧልና። እንዲህ የሚሆነው እርጥብ ሆኖ ዱላ ያላረፈበት ነው። ዱላ የማያሳርፍበት ደግሞ ድምፁን የሚፈራ ሰው ብቻ ነው። ይህን በመንደራችን ጡት የጣለ ሕፃን ያውቀዋል።

የሪዚኪ ፊት አመድ መሰለ። ላቧ ከግንባሯ ወደ ድስቱ ይንጠባጠብ ነበር፤ አልጠረገችውም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በደስታ የምትገባ ትመስል ነበር። የራሴ ጉንጭ በእሷ እፍረት ሲግል ተሰማኝ።

ካዚጃ ማኘኳን አቆመች። "ሪዚኪ፣ ይሄ ፕዌዛ..."

"የኔ ጥፋት ነው!"

ሞሲ ነበረች። እንዲህ ስትጮህ ሰምተን አናውቅም። ከኮኮናቷ ላይ ተነስታ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆማለች።

"የደረቀው ከፔምባ ሲመጣ እንድዘፈዝፈው ለኔ ነበር የሰጠችኝ። ረሳሁት። ጠዋት ነው ውኃ ያገኘው። እሷ ምን ታድርግ?"

ካዚጃ ሞሲን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። አውቃ ነው ሳታውቅ እስከ ዛሬ እንከራከራለን፤ እኔ አውቃለች ባይ ነኝ። ለፈረንጆቹ በቋንቋቸው አንድ ነገር ነገረቻቸው፤ እነሱም ሞሲን እያዩ ራሳቸውን በአዘኔታ ነቀነቁ። ከዚያ በእኛው ቋንቋ "እንደዚህ ያለች ዝርክርክ ድስትሽ አጠገብ ምን ትሠራለች?" አለች ወደ እህቷ ዞራ። መረቁን በማንኪያ ደግማ ቀመሰች። "እጅሽማ የእናታችን እጅ ነው። ያን ቀን ተሳስቻለሁ። ይቺ ናት ሥጋውን ያበላሸችብሽ እንጂ መረቁ ይመሰክርልሻል።"

ሪዚኪ ስንት ዓመት የጠበቀችው ቃል ይኸው መጣላት። መንደሩ እየሰማ፣ ፈረንጅ እያየ መጣላት። አፏን ከፈተች። እውነቱን ልትናገር ነው ብዬ ጠበቅሁ። "አላህ ይስጥሽ፣ እህቴ" አለችና አፏን መልሳ ዘጋች። ሞሲ ተቀምጣ ኮኮናቷን መፈቅፈቅ ቀጠለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት ሪዚኪ ወደ ሞሲ ቤት ሄደች። ደፍ ላይ ቆማ "ለምን?" አለቻት።

"ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ" አለች ሞሲ። "ዛፉ ሥር የቆመ ሰው ማየት ስለማልችል ነው።" ግቢ አላለቻትም።

ከዚያ ወዲያ ያቺ ተሳዳቢ ጎረቤቴ ጠፋችብኝ። መጭመቂያዬ ቀኑን ሙሉ ቢንቋቋ አንድ ቃል አትናገርም። "ምነው፣ አህያዬን መስደብ ተውሽ?" ስላት ፈገግ ለማለት ትሞክርና ያቅታታል። ደንበኛ ሲመጣ ትሸጣለች፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ አትጠራም። ሰው ሁሉ እንደ ወትሮው ሰላም ይላታል፣ እንደ ወትሮው ይገዛታል። ማንም እንዳላወቀባት ያሰበች ይመስለኛል፤ ሰላምታውን ግን ቀና ብላ መቀበል አልቻለችም። ለሞሲ "አይደል?" የምትለውን ነገርም ተወች። ይልቅ ከሞሲ ፊት የወደቀ ነገር ለማንሳት ትሽቀዳደም ነበር፤ ሞሲም ሁልጊዜ ቀድማ ታነሳዋለች።

ዐለቱ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ሼህ ማካሜ መንደሩን ሰበሰቡ። ማን በየት በኩል እንደሚወርድ ተነጋግረን ልንበተን ስንል ሪዚኪ ተነሳች። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ንግግር ያሳመነች ሴት ዛሬ ድምጿ ከሞሲ አይበልጥም ነበር።

"እኔ ነገ አልወርድም" አለች። "ሕጌ በራሴ ላይ ደርሷል። ያን ሐሙስ ያበላኋችሁ እርጥብ ነበር። ከዐለቱ ሰርቄ ነው። ሞሲ ምንም አልዘፈዘፈችም፤ ዘመድም ፔምባ የለኝም።" ከዚያ ጎሕ ሳይቀድ የሆነውን፣ ጆንያውን፣ ፓፓያውን ሳታስቀር ነገረችን። ስትጨርስ ስድቡን ለመቀበል አንገቷን ደፍታ ጠበቀች።

ማንም አልተሳደበም።

"ተቀመጪ፣ ልጄ" አሉ ሼህ ማካሜ። "እናውቃለን።"

"ማን ነገራችሁ?"

"ጥርሳችን ነዋ።"

ከወደ ኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ብሎ አፈረ። ሪዚኪ ዞራ አየችን፤ እያንዳንዳችንን አየችን። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ሾርባዋን የጠጡትን፣ ሰላም ያሏትን፣ ስለ ልጆቿ ጤና የጠየቋትን።

"ሁላችሁም? እና ዝም አላችሁኝ?"

ሼሁ መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ ወደ ሞሲ አዩ። ሞሲ መሬት መሬቱን ታያለች። "በዚያው ምሽት በየቤታችን ዞራ ለመነችን" አሉ። "'እኔን ያያችሁበት ዐይን እሷን አይያት፤ ማንም ዳግመኛ ዛፉ ሥር አይቁም' ብላ ቃል አስገባችን።"

እኔም ቤት መጥታ ነበር። እስካሁን ያልነገርኳችሁ ቃሌን ለመጠበቅ ነው። ስትለምነኝ ያን ቀን የሳቅሁት ሳቅ ትዝ ብሎኝ ፊቷን ማየት አቅቶኛል።

ሪዚኪ ከሽርጧ ስልኳን አወጣች። በፊታችን ደወለች፣ ድምፁንም ሁላችንም እንድንሰማው ከፍ አደረገችው።

"ካዚጃ፣ ያን ቀን ያልሽኝን ቃል ውሰጂው" አለች። "ሰርቄ ነው ያበላሁሽ። ሥጋውንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ያቺ የሰደብሻት ሴት እጇ የለበትም። የእናታችን እጅ አይሰርቅም ነበር።"

"ሰው አለ አጠገብሽ?" አለች ካዚጃ።

"መንደሩ ሁሉ አለ።"

ስልኩ ተዘጋ። መልሶም አልጠራም።

ሪዚኪ ወደ ሞሲ ሄዳ ፊት ለፊቷ ቆመች። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልትል እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። እጇን ዘረጋች።

ሞሲ ተነሳች፤ አሸዋውን ከሽርጧ አራገፈች። "በቃ፣ እትዬ። ልጆቹ እራት አልበሉም" አለችና በእኛ መሃል አልፋ ወጣች። የሪዚኪ እጅ ተዘርግቶ ቀረ።